ለፔሊካኖቹ የተጻፈ ሁለት መስመር

ሌስተር ፓስኮ በመጋቢት ወር፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል፣ ዘንድሮ የከተማው እግር ኳስ ቡድን፣ ፔሊካኖቹ፣ ዋንጫውን ይዘው ይገባሉ ብሎ ተናግሮ ነበር። የተናገረው በሹክሹክታ አይደለም። የኬሮ ቤይ ወደብ ሰው አንድም ሳይቀር ሰምቶታል፤ ከወደቡ ራቅ ብለው መልህቅ የጣሉት የስንዴ መርከቦችም ሰምተው ጥሩምባ ነፍተዋል ይባላል። ነሐሴ ሲደርስ ፔሊካኖቹ ከሰንጠረዡ ግርጌ ተቀምጠው ነበር። ጋዜጣው ላይ ከእነሱ በታች የነበረው የፍራሽ ማስታወቂያ ብቻ ነው።

ሌስተር ግን ቃሉን አላጠፈም። በሱ ቤት ዋንጫው ዘገየ እንጂ አልቀረም።

ሥራው ሸራ መስፋት ነው። ከወደቡ እስከ በረሃው ድረስ የሚመላለስ ከባድ መኪና ሁሉ ጭነቱን የሚሸፍነው በሌስተር ሸራ ነው፤ ሸራ ሊያስጠግን የመጣ ሾፌር ደግሞ የክለቡ ጉዳይ በነጻ ይመረቅለታል።

"አሰልጣኙ ኳሱን ወደ ጎን አቀብሉ ብሎ አስተማራቸው" ይላል ሌስተር መርፌውን እየሳበ። "ሸርጣን እንኳን ሲርበው ወደፊት ይሄዳል።"

"ከምዕራብ ያመጡት ልጅስ?" ይላል ሾፌሩ፣ ቶሎ እንዲያልቅለት።

"ከአውቶቡሱ ሲወርድ እግሩ ዞረበት። ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። አልዋሽም፣ እዚያ ላይ ጥሩ ነበር።"

"ብሮዲስ?"

ብሮዲ ሲነሳ ሌስተር መርፌውን ያስቀምጣል። ብሮዲ የቡድኑ ዋና አጥቂ ነው። እዚያ አገር እግር ኳስ ሞላላ ነው፤ በሁለቱ ረጃጅም ቋሚዎች መሃል ያለፈ ኳስ ስድስት ነጥብ ያስገኛል፣ በጎን ወዳሉት አጫጭር ቋሚዎች የሳተው ደግሞ ለመጽናኛ አንድ ነጥብ ይሰጠዋል። ብሮዲ በዚያ ክረምት የሰበሰበው መጽናኛ ለአንድ ከተማ ሐዘንተኛ ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ጠቡ የመጣው በዚሁ በብሮዲ ነው።

ኬሮ ቤይ ውስጥ ቡድኑ በሜዳው በተጫወተ ቁጥር ከስስ ባለቀለም ወረቀት አንድ ባነር ይሠራል። ቁመቱ ፎቅ ቤት ያክላል። ደጋፊዎች በሁለት ዘንግና በገመድ ወጥረው ያቆሙታል፣ ተጫዋቾቹ ከመልበሻ ቤት ሲወጡ በሩጫ መሃሉን ቀደው ወደ ሜዳ ይገባሉ። ባነሩ ላይ ሁለት መስመር ግጥም ይጻፋል። ግጥሙን የሚጽፈው ሌስተር ነው፤ ብሩሹን ከያዘ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚያ ደቡባዊ ባሕር ዳርቻ፣ እስከ በረዶው ምድር ድረስ ቢኬድ፣ በፎቅ ቁመት የሚጽፍ ሌላ ገጣሚ አይገኝም። ሌስተር በሕይወቱ ብዙ ተናግሯል። ሰው ቆሞ አንጋጦ ያዳመጠው ግን ባነሩ ላይ የጻፈውን ብቻ ነው። ይህን እሱም ያውቀዋል፣ ለማንም ባይናገረውም።

ወረቀቱና ፕላስተሩ የቤሪል ታራንት ድርሻ ነው። ቤሪል ሰባ ዓመት ያለፋት፣ በትምህርት ቤት ምግብ ቤት ስትሠራ የከተማውን ተጫዋቾች ሁሉ አብልታ ያሳደገች ሴት ናት። ወረቀቱን በነፋስ እንዳይበታተን ከጀርባው በፕላስተር ታጠናክረዋለች፤ መሃሉን ግን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ያህል፣ ባዶ ትተወዋለች። "በሩ" ይሉታል። ባነር ያለ በር ግድግዳ ነው። ይህን የማያውቅ የኬሮ ቤይ ሰው ገና አልተወለደም።

በሐምሌ ወር ሌስተር ባነሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

ጎሉ በመሃል ነው፣ መኪና ማቆሚያው በጎን፤
ብሮዲ ወንድማችን፣ ለይተህ ምታልን።

ሕዝቡ ሳቀ። ብሮዲ በዚያ ቀን ስምንት ጊዜ ሳተ።

በሳምንቱ የባነር ሠራተኞች በሚሰበሰቡበት የስካውት አዳራሽ ቤሪል ሌስተርን ጠራችው።

"ሌስተርዬ" አለችው። ቤሪል "ዬ" ስትጨምር ጥሩ ነገር አይከተልም። "የብሮዲ እናት ደወለችልኝ።"

"ወደደችው?"

"አለቀሰች።"

"ጥሩ ግጥም እንደዚያ ያደርጋል።"

"ልጁም አልቅሷል። መቶ ኪሎ ሰው መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አልወጣም አለ። እናቱ በመስኮት ነው ሳንድዊች ያቀበለችው።"

"እሱስ ቀለበው? ወይስ አመለጠው?"

ቤሪል መነጽሯን አወለቀች። "ስማኝ። ከእንግዲህ አንድ የራሳችን ልጅ እናት ብትደውልልኝ፣ ብሩሹ የኖርም ነው። ባትደውልም ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ብሩሹ የማን እንደሚሆን እዚሁ እጅ አውጥተን እንወስናለን።"

ኖርም ሂክስ ጥግ ላይ ወረቀት እየቆረጠ ነበር። ጡረታ የወጣ ፖስታ አዳይ ነው፣ ሰው ጎድቶ አያውቅም። የራሱን ግጥም ለናሙና ይዞ ይዞራል፦

ሂዱ ፔሊካኖች፣ ብረሩ በደስታ፤
እንወዳችኋለን፣ ጠዋትም ማታ።

"ሻማ ብቻ ነው የቀረው" አለ ሌስተር። "ልደቱ የማን ነው?"

"እኔ አልለመንኳትም፣ ሌስ" አለ ኖርም።

"እሱማ ነው የከፋው።"

ስለዚህ ለመጨረሻው ጨዋታ ማሞገስ ግድ ሆነበት። ሌስተር ሱቁን ዘግቶ ክረምቱን ከመጀመሪያው እየፈተሸ የሚመሰገን ነገር መፈለግ ጀመረ። የተከላካዮቹን መስመር አሰበ፤ ያ መስመር አልነበረም። የረጅሙን ተጫዋች ዝላይ አሰበ፤ ልጁ የሚዘለው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሌላው ቀርቶ ዓርማውን አሰበ፤ ወፉ ፔሊካን ራሱ ወደ ጎን ነው የሚያየው። መዋሸት ይችል ነበር። ስላጠመደው ዓሣ ሲዋሽ ባሕሩ ይሞላል። ስለ ፔሊካኖቹ ግን፣ ያውም በፎቅ ቁመት፣ እጁ እንቢ አለው።

ሐሙስ ለት አንድ ነገር ትዝ አለው። ፔሊካኖቹ በትልቅ ልዩነት ሲሸነፉ፣ ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ሌስተር ብቻ ሊሳደብ ሲቆይ፣ ዳርሲ ማክላውድ የሚባለው ትንሹ አምበል የጨዋታው ማብቂያ ሳይረን እስኪጮህ ኳሱን ያባርር ነበር። ሌሎቹም እያለከለኩ ይከተሉታል። የሚያሸንፉት ነገር ሳይኖር ይሮጣሉ። ሌስተር ይህን ክረምቱን ሙሉ አይቶታል፣ እንደ ሞኝነት ቆጥሮት እንጂ። ብሩሹን አነሳ።

ክረምቱን በሙሉ ወደቁ፣ ተነሱ፤
ሳይረኑ እስኪጮህ መሮጥ መች ረሱ።

ቤሪል ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ማንን ነው የምትሰድበው?"

"ማንንም።"

"የታመምክ እንደሆነ ንገረኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት ግን ነፋስ ተነሳ። ነፋሱ በግ ከነጉረኖው ያነሳል፤ ባለፉት ሁለት ጨዋታዎች ከዚህ ያነሰው ነፋስ እንኳን ተጫዋቾቹ ሳይወጡ ባነሩን ቀዶ ግማሹን ግጥም ለባሕር ወፎች አስነብቧቸዋል። ሌስተር ሰማዩን አየ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አመስግኖ፣ ምስጋናው ሳይነበብ ሊቀር ነው። ሳይነበብ ከቀረ ደግሞ ሰው የሚያስታውሰው የሐምሌውን ነው፣ በሐምሌው ከተፈረደበት ብሩሹ ሄደ።

ቤሪል የሥጋ ፓይ ልትገዛ ሰልፍ ስትይዝ ከኪሱ የሱቁን ፕላስተር አወጣ። መኪና በበረሃ ሲከንፍ ሸራ የሚይዘውን ማለት ነው። መሬት ላይ በተዘረጋው ባነር ጀርባ፣ መሃሉን ከግራ ወደ ቀኝ ይለጥፍ ጀመር።

"ሌስ" አለ ኖርም ገመዱን ይዞ። "በሩ ላይ እኮ ነህ።"

"ትንሽ ነው።"

"ቤሪል ብታይ..."

"ኖርም፣ መቶ ኪሎ ልጆች ናቸው። ይሄ ወረቀት ነው። በዚህ ካልገቡ በምን ይገባሉ?"

ኖርም ወደ ገመዱ ተመለሰ። ዕድሜ ልኩን የሰው ፖስታ ሲያድል በሰው ጉዳይ ገብቶ አያውቅም። ሌስተር ትንሽ ለጠፈ፣ ቀጥሎ በአግድም ትንሽ ጨመረበት።

ባነሩ ቆመ። ነፋሱ መጣ፣ ገፋው፣ ትቶት ሄደ። ያንን ግጥም ሠላሳ ሺህ ሰው አነበበ፤ አዳራሹ ውስጥ ሲወራ መቶ ሺህ ደርሷል። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ከዚያ ብዙ ሰው። ሌስተር ኮፍያውን አስተካከለ።

ከዚያ ፔሊካኖቹ ወጡ።

ዳርሲ ከፊት ነበር፣ ጡጫውን ወደፊት ዘርግቶ፣ እንደ ልማዱ በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ። ባነሩ አምበሉን ተቀበለው፣ ጥቂት አሰበበት፣ መለሰው። ከኋላ የመጡት ዳርሲ ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በእነዚያ ላይ ወደቁ። ሃያ ሁለት ሰው እንደ ድንች ጆንያ ተከመረ። በላያቸው፣ በፎቅ ቁመት፣ "ክረምቱን በሙሉ ወደቁ" ይላል።

ተጋጣሚዎቹ ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አንደኛው በሳቅ ስለታመመ ሐኪም አየው።

ዳርሲ ተነሳ። በትከሻው ገፋ። በእግሩ ሞከረ። ዘንጉን ወደያዘችው ወደ ቤሪል ዞሮ አያት፤ ሕፃን ሆኖ ያበላችው ሴት ናት።

"ከታች፣ ልጄ" አለችው ቤሪል።

ፔሊካኖቹ አንድ በአንድ በጉልበታቸው እየዳሁ ከባነሩ ሥር ወደ ሜዳ ገቡ። ረጅሙ ልጅ በሁለት ዙር ነው ያለፈው። ቤሪል ወደ ሌስተር ዞረች። አየችው። ሳንድዊች የሰረቀ ተማሪን የምታየው እንደዚያ ነበር፤ እንደዚያ ታይተው ከተማውን ለቀው የሄዱ ሰዎች አሉ።

ባነሩን ቀደው ሊጥሉት ሞከሩ፣ አልሆነም። ሊጠቀልሉት ሲሉ ነፋሱ ይዟቸው ሊሄድ ሆነ። በመጨረሻ በመኪና ማቆሚያው በኩል፣ ከጎሉ ጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ያለው አጥር ላይ አሰሩት። ጨዋታው በሙሉ የሌስተር ግጥም ከላይ እያየው ሄደ።

ፔሊካኖቹ ጉልበታቸው አረንጓዴ ሆኖ ተጫወቱ። ተናደው ነበር። ኳስ ያገኘ ሁሉ ወደ ጎን ማየት ትቶ ወደፊት ሮጠ።

"ወደፊት እየሄዱ ነው" አለ ሌስተር።

"አየሁ" አለ ኖርም።

"ማን ነገራቸው?"

ኖርም ባነሩን አየ፣ ሌስተርን አየ፣ ፓዩን ነከሰ።

ሊያበቃ ሲል ነጥቡ እኩል ነበር። ዳርሲ እንደ ልማዱ የማይደረስበት ኳስ አባርሮ ደረሰበትና ለብሮዲ ሰጠው። ብሮዲ ብቻውን ነው፣ ጎሉ ከፊቱ ነው፣ ግመልን ከነጭነቷ ያሳልፋል። ሌስተር አፉን ከፈተ። ቤሪል አየችው። ዘጋው። ብሮዲ መታ። ኳሱ ከረጃጅሞቹ ቋሚዎች በጎን ወጥቶ አጥሩ ላይ ያለውን ባነር "ረሱ" የምትለዋ ቃል ላይ መታው። አንድ ነጥብ። ሳይረኑ ጮኸ። ፔሊካኖቹ በመጽናኛ አሸነፉ።

በዚያው ዕለት፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ሠራተኞቹ ስካውት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሌስተር ብሩሹን አጥቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። ቤሪል አፏን ከመክፈቷ በፊት በሩ ተከፈተና ብሮዲ ከእናቱ ጋር ገባ።

"ገጣሚው የትኛው ነው?" አለች እናቲቱ።

ሁሉም ጣቱን ዘረጋ። ኖርምም ዘረጋ፣ ትንሽ ዘግይቶ።

"እሱን ግጥም ለልጁ ክፍል እፈልገዋለሁ" አለች። "የዛሬውን።"

"ክፍሉ ምን ያህል ነው?" አለ ሌስተር።

"ይቆረጣላ።"

"እሱን እንኳን እንጃ" አለች ቤሪል።

ሌስተር ወደ ብሮዲ ዞረ። ክረምቱን ሙሉ ሊጠይቀው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር። "ያቺ የመጨረሻዋ። ወዴት ነበር ያነጣጠርከው?"

"ባነሩ ላይ" አለ ብሮዲ።

"ባነሩ ላይ?"

"ያነጣጠርኩትን መቼም አልመታም አይደል? ባነሩ ላይ ካነጣጠርኩ ጎል ይገባል ብዬ ነው።" መሬት መሬት አየ። "መታሁት።"

ሌስተር ሰፊ አፍ የተሰጠው ሰው ነው። በዚህ ጊዜ ግን እጁን ዘርግቶ ልጁን ጨበጠው።

እንግዶቹ ሲወጡ ቤሪል "ብሩሹ ለኖርም የምትሉ" አለች። ማንም እጁን አላወጣም። "ለሌስተር የምትሉ።" መጀመሪያ የወጣው የኖርም እጅ ነው።

"ጨዋታውን በሙሉ ሳነበው ነው የዋልኩት" አለ ኖርም። "አይሰለችም።"

ቤሪል ብሩሹን አንስታ ለሌስተር ሰጠችው፣ ሌላ እጇን ግን ዘርግታ ጠበቀች። "ፕላስተሩን።"

ሌስተር ከኪሱ አንድ ጥቅል አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረ። ቤሪል እጇን አላጠፈችም። ከሌላኛው ኪሱ ሁለተኛውን አወጣ።

"ሌስተርዬ" አለች።

ሌስተር ኮፍያውን አወለቀና ከውስጡ ሦስተኛውን አወጣ።