የታጠበው እፍኝ

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሩዋልኩማ ስለ ታማኝነት መስበክ ሲጀምሩ ሕፃናት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ አባቶች የእጅ ሰዓታቸውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፣ ደጃፍ ላይ የተኙት ውሾች እንኳ ተነስተው ራቅ ወዳለ ጥላ ይሄዳሉ። ቢሆንም ማንም አያማቸውም። በዚያች ተራራ ጫፍ ላይ፣ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ወጥታ በተቀመጠች በሕንድ አገር የሚዞራም መንደር፣ ከሳቸው ረዝሞ የሚጸልይ የለም፤ ከሳቸው አብልጦ መጠጥ የሚጠላም የለም። ጎረምሶቹ የሳቸውን አፍንጫ “ፖሊሱ” ነው የሚሉት። ቅዳሜ ምሽት በደጃቸው የሚያልፍ ወጣት ትንፋሹን ውጦ ያልፋል።

አምና ዞቫ የሚባለውን አናጢ የሩዝ ጠላ ሲሸት ይዘውት፣ በጉባኤ ፊት ስሙን አስጠርተውታል። ዞቫ ከዚያ ወዲህ መጠጡን ተወ። ለሽማግሌው የሚሰጠውን ሰላምታም አብሮ ተወ።

የሽማግሌው እንጀራ ቆርቆሮ መሸጥ ነው። በመንደሩ ያለ ጣሪያ ሁሉ ከሳቸው ሱቅ የወጣ በመሆኑ፣ ዝናብ ሲመጣ ከላይ የሚንጫጫው ሁሉ የሳቸው ዕቃ ነው። ሆኖም የራሳቸውን ቤት የያዙት እሳቸው አይደሉም፤ ባለቤታቸው ዳርቱዋሚ ናቸው።

ዳርቱዋሚ ልጃቸውን ሩዋቲን ሊያርሱ ወደ ከተማው ወደ አይዞል የሚሄዱ ዕለት፣ ጂፑ ደጅ ቆሞ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ ባላቸውን ወደ ማድ ቤት መልሰው ጎተቷቸው። ከምድጃው በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ክዳናማ ጣሳ አሳዩአቸው። እንግዲህ የዚያ አገር ሴት ሩዝ ባበሰለች ቁጥር፣ ከሚበስለው ላይ አንድ እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን ታነሳለች። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። እሁድ ከሰዓት የሴቶች ማኅበር እየዞረ ይሰበስበዋል። ስንት ትምህርት ቤት የቆመው፣ ስንት ወንጌላዊ የኖረው በዚያ እፍኝ ነው። የዳርቱዋሚ ጣሳ ደግሞ ከእናታቸው የወረሱት ነው። ቀርከሃው አብቦ፣ ፍሬውን በልቶ የተራባው አይጥ እንደ ጎርፍ ወርዶ አዝመራውን በበላበት በዚያ የረሃብ ዘመን እንኳ ከመደርደሪያው አልወረደም ይባላል።

“የሩዋቲ አባት፣ ስማኝ። ሌላው ይቅር። ቤቱም ይቆሽሽ፣ ዶሮዎቹም ይሙቱ። ሩዝ ባበሰልክ ቁጥር ግን አንድ እፍኝ ወደዚህ።”

“ለኔ ነው እንዴ ይሄን የምትነግሪኝ? ስንት እሁድ የሰበክሁበትን!”

“ስብከት አላዘዝኩህም። እፍኝ ነው ያዘዝኩህ።”

ይህን ብለው ዘንቢላቸውን አንስተው ወጡ። አንድ ነገር ግን ሳይናገሩ ቀሩ። ሴት ልጅ ሳይነገራት የምታውቀው ነገር ስለሆነ፣ ለወንድ መንገር እንደሚያስፈልግ አልታያቸውም።

በመጀመሪያው ሳምንት ሽማግሌው ድስት አልጣዱም። ሚስቱ የሌለችበትን ሽማግሌ መጋበዝ በመንደሩ እንደ ጽድቅ ይቆጠራልና፣ ጠዋት ከአንዱ ቤት በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ ማታ ከሌላው ቤት ቅጠላ ቅጠል በበርበሬ ሲበሉ ሰነበቱ። ስልክ ሲደወል ዳርቱዋሚ ስለ ጤናቸው እንኳ ሳይጠይቁ፣ “እፍኙስ?” ይላሉ። “ኧረ አታስቢ!” ይላሉ እሳቸው። እሁድ ሲደርስ ጣሳው ባዶ መሆኑ ትዝ አላቸውና፣ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት ከጆንያው በጣሳ ዝቀው ሞሉት። ጣሳው ሞልቶ ሄደ። ማንም አላወቀም።

ያን ማታ ለመጸለይ ተንበርክከው ቃል ጠፋቸው። በሕይወታቸው አጭሩ ጸሎት ያ ነበር። ሲነሱ ቆረጡ፤ ከነገ ጀምሮ ግብዣ የለም፣ በገዛ እጄ አበስላለሁ፣ በገዛ እጄ አነሳለሁ።

አበሰሉም። ችግሩ፣ እፍኙ ትዝ የሚላቸው ሩዙን አጥበው፣ ውሃውን ደፍተው፣ እሳቱን ከለኮሱ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጥቂት አመነቱ። “ጌታ ልብን እንጂ እርጥበትን አያይም” ብለው ከታጠበው ሩዝ አንድ እፍኝ ዘገኑና ጣሳው ውስጥ ጨምረው ክዳኑን ገጠሙ። ማታም እንዲሁ። በማግስቱም እንዲሁ። አንድም ቀን ሳይዘሉ! ክዳኑን በገጠሙ ቁጥር ደረታቸው ነፋ ይላል። ከምድጃው በላይ ያለው ቦታ ሞቅ ያለ መሆኑን ልብ አላሉም። ክረምቱ ጉንፋን ይዞባቸው ስለነበር ፖሊሱም ከሥራ ታግዷል።

እሁድ ከሰዓት እትዬ ሚንጊ መጡ። እትዬ ሚንጊ የሰብሳቢዎቹ አለቃ ናቸው፤ የኩቫ ቅጠል ከማኘክ ብዛት ከንፈራቸው እንደ ደም የቀላ፣ ምላሳቸው ከከንፈራቸው የባሰ። ጆንያ ተሸካሚዋ ቬሊ ከኋላቸው ነበረች። ሽማግሌው ጣሳውን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ቁርባን ዕቃ አቀረቡ።

እትዬ ሚንጊ ክዳኑን ከፈቱ። ወዲያው ደግሞ ከደኑት።

“ሽማግሌ።”

“አቤት እትዬ ሚንጊ።”

“ይሄ መባ ነው ወይስ ጠላ?”

“የምን ጠላ?”

“እስቲ እርስዎ ያሽትቱት። ባለሙያው እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

ቬሊ ፊቷን በጆንያው ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ሩዙ ቦክቶ፣ ተጣብቆ፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ጢም አብቅሏል። በጉንፋን የተደፈነው አፍንጫቸው እንኳ አልሳተውም። በመንደሩ የመጨረሻው የጠላ እንስራ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር የታየው በሳቸው ማድ ቤት ነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

“ጣሪያው ነው!” አሉ። “ጣሪያው ያፈሳል። ጠብ ጠብ እያለ... ልክ ጣሳው ላይ።”

እትዬ ሚንጊ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። “የእርስዎ ጣሪያ?”

“አዎ።”

“የቆርቆሮ ነጋዴው?”

“ሸክላ ሠሪ በገል ትበላ የለ?”

የእትዬ ሚንጊ ፊት ተለወጠ። ምላሳቸው ክፉ ነው እንጂ ሆዳቸው ቡቡ ነው። “ውይ፣ የኔ ጌታ! ሚስት የሌለበት ቤት! እኔ ደግሞ እቀልዳለሁ።” የቦካውን ለጎረቤት አሳማ ደፍተው፣ ጣሳውን አጥበው መለሱ። አሳማው እስከ ማታ ተደስቶ ዋለ።

ሽማግሌው ነገሩ በዚህ አለቀ ብለው ለእራት ተቀመጡ። ማንኪያውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ፣ ከኮረብታው የመንደሩ ድምፅ ማጉያ አንባረቀ።

“ይድረስ ለመንደራችን ወጣቶች! የሽማግሌ ሩዋልኩማ ጣሪያ ያፈሳል። ባለቤታቸው የሉም። ነገ በማለዳ መሰላል ያለው መሰላል፣ መዶሻ ያለው መዶሻ ይዞ እንዲገኝ። እደግመዋለሁ፤ የሽማግሌ ሩዋልኩማ ጣሪያ...”

ማንኪያው ወደቀ።

በዚያ አገር ሰው ሲቸገር ወጣቱ በአንድ ጥሪ ይመጣል፤ ክፍያም ምስጋናም አይጠይቅም። ሽማግሌው ይህንን በስንት ስብከታቸው አወድሰዋል! አሁን ግን ጥቂት ሰነፍ ወጣቶችን አምላክ እንዲሰጣቸው ተመኙ።

ማለዳ ዝናቡ ይወርዳል። ሽማግሌው ጣሪያቸውን ቀና ብለው አዩት። ከሱቃቸው ምርጡ ቆርቆሮ፣ አምና የተመታ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ። ያን ጊዜ ያ ሐሳብ መጣ። ቀዳዳ ከሌለ፣ ቀዳዳ መሥራት ይቻላል። ምስማርና መዶሻ ይዘው ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ምስማሩን ደገኑ። አንድ ጊዜ መታ ሲያደርጉት ጣሪያው እንደ ደወል ጮኸ፤ የማስጠንቀቂያ ደወል መሰላቸው። እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ።

“ሽማግሌ፣ ጀምረዋል እንዴ?” የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ።

ወጣቶቹ ነበሩ፤ በስብሰው፣ ሸራ ተከናንበው፣ እየተሳሳቁ። መሰላሉን የተሸከመው ዞቫ ነው። እንደ ልማዱ ሰላም አላለም። መሰላሉን አስደግፎ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሽማግሌው ምስማሩን ኪሳቸው ከተው ከታች ቆሙ።

“በየት በኩል ነው?” አለ አንዱ ከላይ።

“በ... በጣሳው በኩል።”

“ጣሳው በየት በኩል ነው?”

“በማድ ቤቱ በኩል።”

ከላይ ኳኳታ፣ ከዚያ ምክክር። “ኧረ ደህና ነው!” “እስቲ ውሃ አፍስስበት።” “ሰማይ እያፈሰሰልህ ምን ውሃ ትላለህ፣ አንተ?” “ምናልባት ሙሉውን ብንነቅለው?” ዞቫ አጎንብሶ፣ በእያንዳንዱ ምስማር ራስ ላይ ጣቱን እያስኬደ ይፈልግ ነበር። ያዋረደው ሰው ቤት ላይ፣ የሌለ ቀዳዳ፣ እንደ ራሱ ቤት። ድንገት እግሩ ተንሸራተተ። በሆዱ ወርዶ፣ አሸንዳውን በአንድ እጁ ጨበጠና ተንጠለጠለ። መዶሻው ከሽማግሌው እግር ሥር ጭቃ ውስጥ ተተከለ።

“ውረዱ!” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ከመድረኩ ላይ ከሚያወጡት ይልቅ የቀጠነ ነበር። “ሁላችሁም ውረዱ። ጣሪያው አያፈስም።”

“ምን አሉ?”

“አያፈስም! አፍስሶም አያውቅ። ሩዙን ካጠብኩ በኋላ ነው እፍኙን የማነሳው። እርጥቡን ጣሳ ውስጥ እየጨመርኩ አቦካሁት። አፍሬ እትዬ ሚንጊን ዋሸኋቸው። እናንተንም በዝናብ አወጣኋችሁ። ይሄውላችሁ ምስማሩ፣ ልቀደውም ነበር።”

ከላይ ያሉት እስከ ቆርቆሮው ጫፍ መጥተው አንገታቸውን ወደ ታች አሰገጉ።

“ሳምንቱን ሙሉ?” አለ አንዱ ከላይ በቀስታ። “እርጥቡን?”

“ሳምንቱን ሙሉ።”

ከዚያ በኋላ የመጣው ሳቅ ቆርቆሮውን ከዝናቡ አብልጦ አንጫጫው። አንዱ ጣሪያው ላይ በጀርባው ተኛ። ያልሳቀው ዞቫ ብቻ ነው። ወርዶ፣ መዶሻውን ከጭቃው ነቅሎ፣ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ቆመ። ወደ አፋቸው ጠጋ አለና ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጎ አሸተታቸው።

“ምንም የለም” አለ ለጓደኞቹ። “ጉንፋን ብቻ ነው።”

ሽማግሌው ሳያስቡት ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ተቋረጠ። “ዞቫ፣ አምና... ቤትህ መጥቼ፣ ብቻህን ልነግርህ ይገባ ነበር።”

“እሱስ ይገባ ነበር” አለ ዞቫ፤ አላባበላቸውም። ጫማውን እያወለቀ፣ “ሻይ አለ?” አለ።

ሻዩ ፈልቶ ሲቀዳ ስልኩ ጮኸ። የእትዬ ሚንጊ ስልክ ከድምፅ ማጉያውም ይፈጥናል።

“የሩዋቲ አባት፣ ጣሪያችን ያፈሳል አሉ።”

“አያፈስም” አሉና ወደ ጓዳ ገብተው ሁሉንም ነገሯቸው። የቦካውን፣ ውሸቱን፣ ምስማሩን። ማንም ያላወቀውን፣ በመጀመሪያው እሁድ ከጆንያው የዘቁትንም። “የእናትሽን እፍኝ እኔ አቋረጥኩት” አሉ።

ከወዲያ በኩል የአራስ ልጅ ልቅሶ ይሰማል። ዳርቱዋሚ ሕፃኑን እሹሩሩ አሉት። ከዚያ፣ “አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለማኅበሩ ግን እንዳታወራ” አሉ። “በዚያ በረሃቡ ጊዜ እናቴ ጠዋት እፍኟን ጣሳው ውስጥ ትጨምራለች። ማታ እኛ ስናለቅስ መልሳ አውጥታ ታበስልልናለች። ጠዋት ደግሞ ሌላ ትጨምራለች። ማታ ደግሞ ታወጣዋለች። እሁድ ሲደርስ አንዳንዴ ጣሳው ውስጥ የሚንኳኳ ፍሬ አይገኝም ነበር። ሰኞ ጠዋት ግን ደግማ ትጨምራለች።”

“ይሄን ነግረሽኝ አታውቂም።”

“አንተ መቼ ሩዝ አብስለህ ታውቃለህ? ይልቅ የዛሬውስ?”

“የዛሬውን ገና አልጣድኩም።”

“ታዲያ ምን ያስለፈልፍሃል?” ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሰው ለሥራ መጥቶ ሩዝ ሳይቀምስ አይሸኝም፤ ሥራው ባይኖርም። ሽማግሌው ትልቁን ድስት አወረዱ። ከጆንያው ሩዙን ገለበጡበት። እንግዶቹ ሻያቸውን ይዘው፣ ጨዋታቸውን አቁመው ያይዋቸዋል። ሽማግሌው ድስቱን ታቅፈው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ ከሥሩ አስቀመጡት፤ እጃቸውን መክፈቻው ላይ ጫኑ።

የሁሉም ዓይን እጃቸው ላይ ነው። እትዬ ሚንጊ እንኳ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በሩ ላይ ቆመው፣ ማኘካቸውን ገታ አድርገው ነበር።

ሽማግሌው ቆሙ። ቧንቧውን አልከፈቱትም። ድስቱን መልሰው ታቀፉና ወደ መደርደሪያው ተመለሱ፤ ጣሳውን አውርደው ከደረቁ ሩዝ አንድ እፍኝ ዘገኑ። እጃቸው ከዳርቱዋሚ እጅ ይሰፋል። ጥቂት ፍሬ በጣቶቻቸው መሐል አምልጦ መሬት ወደቀ፤ አጎንብሰው አንድ በአንድ ለቀሙት። ጣሳው ባዶ ስለነበር ሩዙ ሲገባ ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ።

“በሉ” አለ ዞቫ ስኒውን አስቀምጦ። “አሁን ይጠቡት፣ ሽማግሌ።”