የተጠረገው መስመር

ሸረሪት የሚሏት ነርስ ከተማሪነቷ ጀምሮ ማስታወሻ እንደ ሰው በመስመር በመስመር መያዝ አይሆንላትም። አስተማሪው ሲናገር ገጹ መሃል ክብ ትሠራለች፤ ከክቡ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ሌላ ቅርንጫፍ ታወጣለች። ደብተሯን ያየ ሁሉ «ትማሪያለሽ ወይስ ድር ታደሪያለሽ?» እያለ ሲስቅባት ስሙ ተለጥፎባት ቀረ። ፈተና ሲመጣ ግን የሚስቁባትን ሁሉ ታስከነዳቸው ነበር።

ሆስፒታል ከተቀጠረች በዘጠነኛው ዓመት፣ በቀዶ ሕክምና የወለዱ የአራት እናቶች ቁስል ተከታትሎ አመረቀዘ። አንደኛዋ ሞተች። ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ «ማንም እንዳይፈራ፤ የመጣላችሁን ሁሉ ተናገሩ» አለና ማርከሩን ለሸረሪት ሰጣት። «አንቺ ትችይበታለሽ።»

ደስ አላት። የተሳቀባት ነገር ለቁም ነገር ሲፈለግ የመጀመሪያው ነው። ሰሌዳው መሃል «ቁስሉ ለምን አመረቀዘ?» ብላ ጽፋ ከበበችው። አንዱ ጓንት አለ፣ አንዱ የመታጠቢያ ውሃ፣ አንዱ አንሶላ። ለሁሉም ቅርንጫፍ አወጣችላቸው፤ የሚገናኘውን በቀስት አገናኘችው። ቀስቶቹ ተራ በተራ ወደ አንድ ክብ መሄድ ሲጀምሩ የሰዉ ድምፅ እየቀነሰ መጣ። ክቡ ውስጥ የተጻፈው «መሣሪያ ማምከኛ ክፍል» ነበር።

እዚያ የሚሠሩት እማማ እንፋሎት ናቸው። ከማምከኛው ማሽን ጋር ሠላሳ ዓመት የኖሩ፣ ጡረታቸው አምስት ወር የቀረው፣ ሸረሪት ጀማሪ ሳለች መቀስ አያያዝ ያስተማሯት ሴት። ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ልጄ፣ አንድ መስመር ጨምሪልኝ። ማሽኑ ሙቀት አልይዝ ብሏል ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ለማን እንደጻፍኩም ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ሁለተኛውን ደብዳቤ ያደረሰችው ራሷ ናት። ከክቡ መስመር ሳበች፤ ጫፉ ላይ «ደብዳቤ»፣ ቀጥሎ «የዳይሬክተር ቢሮ» ብላ ጻፈች።

ዳይሬክተሩ አልተቆጣም። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ፈገግ አለና «ከርዕሳችን አንውጣ» ብሎ መስመሩን በመዳፉ ጠረገው። «ሌላ ሐሳብ?»

ሃያ ሦስት ሰው ጫማውን አየ። እማማ የሚያዩት ሸረሪትን ብቻ ነው። የማርከሩ ክዳን እንደተከፈተ ነው፤ መስመሩን መልሳ ብትስበው ከአንድ ትንፋሽ አያልፍም። የቅጥር ውሏ የሚታደሰው ግን በዚያው ወር ነበር፤ ፊርማውም የእሱ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብላ ራሷን አባበለችና ክዳኑን ገጠመችው።

ሰሌዳው ፎቶ ተነሥቶ፣ «በሠራተኛው የጋራ ውይይት የተደረሰበት» ተብሎ ከሪፖርት ጋር ወደ በላይ አካል ሄደ። በሳምንቱ እማማ በቸልተኝነት ተሰናበቱ። ሳይውል ሳያድር አዲስ ማሽን ተተከለ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ሸረሪት እንደ ምንም ደፍራ ቤታቸው ሄደች።

«እማማ፣ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰው ስለፈራ አይፈረድበትም።» የተጣጠፈ ልብስ ከወንበሩ አንሥተው ቦታ ለቀቁላት። «የሟቿ ባል ትናንት መጥቶ ነበር። ከሪፖርቱ ጋር ያሳዩትን የሰሌዳውን ፎቶ በስልኩ ይዞታል። የእኔን ክፍል በጣቱ እየነካ ‹ምን አድርጋዎት ነው?› አለኝ። ቀስቱ ሁሉ ወደ እኔ ነው፤ ምን ብዬ ላስተባብል?»

ሸረሪት አለቀሰች። አላባበሏትም።

«ሥራዬን አስመልሺልኝ አልልሽም። እሱን ግን ሄደሽ አንድ ቃል ንገሪው። ቤቱ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው።»

«ነገ እሄዳለሁ» አለች፤ ስትናገረው ከልቧ ነበር።

በማግስቱ ተረኛ ሆነች። ከዚያ ወዲያ ውሏ ታደሰላት። ሰውየው ቤት ድረስ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፤ እስካሁን አልሄደችም።