ፋብሪካውን ያስረጀው ማክሮ

የፋብሪካው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ከፈታችው ባሏ የተረፋት ጥሩ ነገር ቢኖር አንድ ማክሮ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ኤክሴሉ ላይ ያለውን የሠራተኛ ዕድሜ ያሰላል፤ ጊዜው የደረሰውን ለይቶ የጡረታ ደብዳቤ ያትማል። ባልየው ሄደ፣ ማክሮው ቀረ። እሷም «የሚረባው ቀረልኝ» ትል ነበር።

ጣጣው የመጣው ሥራ አስኪያጁ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ በሌላ ሲስተም በሚሠሩ አዳዲሶች ሲለውጡ ነው። ማክሮው «ፋይሉን አላገኘሁትም» ብሎ ድርቅ አለ። የቀድሞ ባሏን ከምትለምን ጥርሷ ቢረግፍ ስለምትመርጥ፣ የትውልድ ቀኖቹን ገልብጣ አዲስ ፋይል ላይ ለጠፈች፤ ማክሮውንም እዚያው ከተተችና ቁልፉን ተጫነች። ማተሚያው ደብዳቤ ይተፋ ጀመር። እሷ በራሷ ኮርታ ሳታነበው ወሰደችው፤ ሥራ አስኪያጁም እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ፈረሙ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ አንዱን ደብዳቤ ይዘው ከች አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጡረታ ደብዳቤዎ ነው መሰለኝ።»

«ገና አራት ዓመት ይቀረኛል እኮ! ማነው የፈረመው?»

በጣቷ ፊርማውን አሳየቻቸው። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወጡ።

ምርጫ አልነበራትም፤ ደወለች።

«ቀኖቹን ገልብጠሽ ለጠፍሻቸው አይደል?» አለ የቀድሞ ባሏ። «ኤክሴል ቀንን የሚይዘው ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ቆጥሮ ነው፤ የድሮው ፋይል መቁጠር የሚጀምረው ደግሞ ከአዲሱ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። ፋብሪካውን በሙሉ በአራት ዓመት አስረጀሽው።»

«አንተ እኔን ካስረጀኸኝ አይበልጥም።»

«እሱን ማክሮ አያሰላውም» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ቅንብሩ ላይ የትኛውን ሳጥን እንደምትነካ፣ የፎልደሩ አድራሻ ውስጥ ያለው ጭረት በየት በኩል መጋደል እንዳለበት ቀስ ብሎ ነገራት።

ደብዳቤዎቹ ተሰበሰቡ። አልመልስም ያሉት ሠራተኛው «ጋሽ ቁልፉ» የሚላቸው የበር ጥበቃ ብቻ ናቸው።

«ማሽኑ ተሳስቶ ነው፣ ጋሼ።»

«ማሽኑ ይሳሳታል፣ ልጄ። ሥራ አስኪያጅ ግን ይሳሳታል? ፈርመውበታል።»

ተከራክራ አልቻለቻቸውም። በሳምንቱ ሥራ አስኪያጁ ጥሩምባ ቢነፉ የሚከፍት ጠፋና ከመኪናቸው ወርደው በሩን ራሳቸው ይታገሉ ጀመር። ጋሽ ቁልፉ ከማዶ ሻይ ቤት ተቀምጠው ያዩዋቸዋል።

«ከፍ አድርገው ይግፉት» አሉ፣ ብርጭቋቸውን ሳያስቀምጡ። «መሬቱን ይነካል።»