ማማሰያ የያዘች ተረኛ

ሠርካዲስ ድስት ከጣደች ማማሰያውን ከእጇ አታወጣም። ልብስ ልታሰጣ ደጅ ስትወጣ ይዛው ትወጣለች፤ ስልክ ስታነሳ ብብቷ ውስጥ ትወሽቀዋለች፤ አንዴማ ይዛው ጌጃ ሰፈርን አቋርጣ ሱቅ ደርሳ ተመልሳለች። ሰው ይስቃል። እሷ ግን ማማሰያው ከእጇ ከወጣ ድስቱም ከሐሳቧ እንደሚወጣ ታውቃለችና የሳቀ ይሳቅ ትላለች። ያረረ ድስት ሲፈገፍጉ ከመዋል መሳቂያ መሆን ይሻላል።

የዛሬው ድስት ደግሞ እንደ ሌላው ቀን ድስት አይደለም። ቀኑ ጥቅምት አንድ ነው፤ የልደታ ማርያም ማኅበርተኞች ከሰዓት በኋላ እሷ ቤት ይመጣሉ። ተረኛዋ እሷ ናት፤ ጽዋውም ካለፈው ወር ጀምሮ እሷ ዘንድ ነው። በማኅበሩ ያላትን ቦታ የወረሰችው ከእናቷ ከእንዳለች ነው። ከእናቷ የቀራት ነገር ቢኖር ይኸው ቦታና አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው።

አምና ተራዋ በደረሰበት ቀን ቤቷን ቆልፋ ዚፕ ልትገዛ ወጣች፤ ልብስ ሰፊ ናት። ዚፑ ወደ ክር መራት፣ ክሩ ወደ አንዲት የድሮ ደንበኛዋ፣ ደንበኛዋ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ። ስትመለስ ማኅበርተኞቹ ከነካህናቸው የተቆለፈ በር ላይ ቆመው፣ ቆመው ሄደዋል። የሚገርመው ጠላው ተጠምቆ፣ ዳቦው ተጋግሮ ጓዳ ነበር። ለራሷ ድግስ ጠፋች ቢባል ማን ያምናል? አፍራ ታክሲ አጣሁ አለች። ታክሲ ያጣ ሰው ስልክ አያጣም አሏት።

የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ጋሽ ሀብተ ማርያም ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት ሲጓደል ግን ያማቸዋል። «ለእናትሽ ስንል አንድ ጊዜ አልፈነዋል። ከደገምሽው ቦታው ለሌላ ይሰጣል» ብለዋት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጎረቤቷ ናዝሬት እየጎተተች ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት። ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻት፤ በመጨረሻም፣ «በልጅነትሽ ምን ይሉሽ ነበር?» አለቻት።

«ቀልበ ቢስ።»

«ማን?»

«እናቴ።»

ሐኪሟ ስንፍናም ንቀትም አይደለም፣ ኤዲኤችዲ ይባላል፣ ከአእምሮ አሠራር የሚመጣ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በዘር ይወርዳል ብላ አስረዳቻት። ሠርካዲስ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች። ዕድሜዋን ሙሉ የተሰደበችበት ነገር ሌላ ስም እንዳለው ስትሰማ የመጣባት እፎይታ ሳይሆን ኀዘን ነው። በዘር ይወርዳል የተባለውም አልገባትም። እናቷ ቀን አሳልፋ፣ ተራ አጓድላ የማታውቅ ሴት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ቤቷ መልኩን ለወጠ። ያላየችው ነገር ለእሷ የሌለ ነውና ሁሉንም ሰቀለችው፤ ቁልፏን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ፣ የደንበኛ ልብስ ግድግዳ ላይ። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ሲያስታውሳት ይውላል፤ አንዳንዴ ጩኸቱን አጥፍታ ለምን እንደጮኸ ትረሳለች። ከሁሉ የረዳቻት ናዝሬት ናት። ናዝሬት ጴንጤ ናት፣ ጽዋ አትጠጣም፤ ግን ሠርካዲስ ሥራ ሲከብዳት መጥታ አጠገቧ ቁጭ ትላለች። መርፌ አታቀብልም፣ ምክር አትሰጥም፤ ብቻ ቁጭ ትላለች። ሠርካዲስ ለምን እንደሆነ ባታውቅም ሰው አጠገቧ ሲኖር የጀመረችውን ትጨርሳለች።

ዛሬም ናዝሬት ወደ ሥራዋ እስክትሄድ ድረስ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣላት ነበር። ዳቦው ተሸፍኗል፣ ጠላው ጠልሏል፣ ወጡ ጓዳ ውስጥ በዝግታ ይንተከተካል። ማኅበርተኞቹ ገቡ። ካህኑ ተቀመጡ። ሠርካዲስ ማማሰያዋን እንደያዘች እንግዶቿን አንድ በአንድ ሳመች፤ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ነበር።

«ጽዋው የታል?» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

ዞር ብላ ጠረጴዛውን አየች። የለም። ትናንት አጥባ፣ አድርቃ፣ ሰው እንዳይነካባትና እንዳትረሳው ብላ ልዩ ቦታ አስቀምጣዋለች። ልዩ ቦታ ማለት ደግሞ ለእሷ ቢጤ ሰው የመቃብር ሌላ ስሙ ነው። ቁም ሣጥኑን ከፈተች፣ ከስፌት መኪናው ሥር ጎነበሰች፣ ጓዳ ገብታ ወጣች። ሰዎቹ እያዩዋት ነው። አንዷ ሴት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ውሸቱ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ናዝሬት ቆልፋበት ሄዳለች ማለት ይቻላል። ለመጠገን ሰጥቼዋለሁ ማለትም ይቻላል።

«አምና ታክሲ ነበር» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አምናም ታክሲ አልነበረም፣ ጋሼ» አለች። «ዳቦውን ጋግሬ ቀኑን ረሳሁት። ዛሬም ጽዋውን እንዳልረሳው ብዬ ደብቄው፣ የደበቅሁበት ጠፋብኝ። ሐኪሞች ስም ሰጥተውታል፤ እኔ ግን በስሙ ላመልጥ አልፈልግም። ቦታውን ለሌላ ብትሰጡት አልቀየምም።» አልቀየምም ትበል እንጂ ልቧ እየተሰበረ ነበር።

ከማዕዘኑ እማማ ወይንሀረግ፣ የእናቷ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ ማማሰያውን ትኩር ብለው እያዩ፣ «እሱን ማን አስተማረሽ?» አሉ።

«ማንም። ከራሴ ነው፣ እማማ።»

«ከእንዳለች ነው እንጂ። ነፍስ ሳታውቂ አይተሽ ነው። ነጠላዋ ውስጥ ደብቃው ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጥታለች፤ እኔ ነኝ ያየሁባት።»

«እናቴ? እናቴማ ረስታ አታውቅም።»

«አትረሳም ነበር፤ እኔ ስለምመጣ ነዋ። ተራዋ በደረሰ ቁጥር ከዋዜማው ጀምሬ እዚሁ ቁጭ እልላት ነበር። አንቺ ‹ይቺ ሴትዮ ምን ትጎለታለች› እያልሽ ታጉረመርሚ ነበር። ሰው እንዳያውቅባት አደራ ስላለችኝ ዝም አልኩ።» ቀጥለውም፣ «አንቺን ስትሰድብ ራሷን ነበር የምትሰድበው፣ ልጄ» አሉ።

ሠርካዲስ መናደድም ማልቀስም አማራት። ያ ሁሉ ስድብ፣ ያ ሁሉ ቁጣ፤ እናቷ አንድ ቀን እንኳ «እኔም እንዳንቺ ነኝ» ብትላት ምን ነበረበት?

«አሁን መፈለጉን ተዪው» አሉ እማማ ወይንሀረግ። «ስትደብቂው ማንን እያሰብሽ ነበር?»

«እማዬን።»

ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ አልጋው ሥር ወዳለው የቆርቆሮ ሳጥን ሄደ። ተንበርክካ ሳበችው። ክዳኑ ዝጎ ከባድ ነው፤ በአንድ እጅ አልነሳ አላት። ሌላው እጇ ማማሰያውን ይዟል፤ ወጡ ጓዳ ውስጥ ይንተከተካል። ማማሰያውን ብታስቀምጠው ድስቱ እንደሚጠፋባት ታውቃለች፤ ካላስቀመጠችው ጽዋው አይወጣም። እዚያው እንደተንበረከከች ቀረች።

እማማ ወይንሀረግ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። አጠገቧ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጪው። ድስቱን እኔ ይዤልሻለሁ።»

ሰጠቻቸው። ክዳኑን በሁለት እጇ አነሳችው። ጽዋው በእናቷ ነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፈታችው፤ በሁለት እጇ ይዛ ካህኑ ፊት አቀረበችው። ጋሽ ሀብተ ማርያም ከመቀመጫቸው ተነስተው ቦታ ለቀቁላት።

«የእንዳለች ቦታ የልጇ ነው» አሉ ማኅበርተኞቹን ዞር ብለው እያዩ። የተቃወመ አልነበረም።

ካህኑ ጸሎቱን ጀመሩ። ሁሉም ቆመ። እማማ ወይንሀረግ አንዴ ወደ ጓዳ ገብተው ወጡን አማስለው ተመለሱ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅም ድረስ ማማሰያውን ከእጃቸው አላወጡም።