ሞተሩ ማንን ነከሰ

«ሞተሩ ነከሰ» አለችኝ ልጄ። በሩ ላይ ቆማለች፤ ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ መኪናዋ ግን የለችም።

«ማንን?» አልኳት።

ሳቀችብኝ። እኔ የምሬን ነበር የጠየቅኩት። ለካ ሞተር ነከሰ ማለት ውስጡ ያለው ብረት ግሎ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀረ ማለት ነው። ራዲያተሩ ውኃ ጨርሷል፤ ልጄ ሳታይ ነድታዋለች፤ መሀል መንገድ ላይ ድርቅ ብሎ ቆመ። አባቷ ፊቱን ሳይታጠብ የመኪናዋን ውኃ የሚያይ ሰው ነበር። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ዓይኗን ሳይ ተውኩት። አልቅሳ ነበር። አፌ ክፉ ነው እንጂ ሆዴስ ክፉ አይደለም።

መኪናዋ ስቴሽን ዋገን ናት፤ ረጅም፣ ከኋላዋ እንደ ጓዳ የሰፋች፣ ቀለሟ ድሮ አረንጓዴ የነበረ። ባለቤቴ አናጢ ነበር። ወንበሩንም፣ ቁም ሳጥኑንም፣ የተፈታታ አልጋውንም በሷ ነበር ለየደንበኛው የሚያደርሰው። ዛሬም የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ ከየስንጥቁ የእንጨት ብናኝ ይረግፋል። አሁን ልጄ መጋረጃ እየሰፋች ታደርስባታለች። መኪናዋን እኔ ጣውንቴ ነበር የምላት። ባለቤቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሷን ሲወለውል ይውላል፤ እኔን አንድ ቀን እንኳ «ትከሻሽን ልሽልሽ» ብሎኝ አያውቅም። ስቆጣው «ጣውንትሽ አፍ የላትም፣ ለዚህ ነው» ይለኛል።

አፍማ ነበራት። ነገሩም ሁሉ የመጣው ከዚያ አፏ ነው።

ወደ ቤታችን መታጠፊያው ላይ አጭር ቁልቁለት አለች። ባለቤቴ እዚያ ሲደርስ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። ያኔ ከመኪናዋ ሆድ ቅጭል ቅጭል ቅጭል የሚል ነገር ይነሳል፤ ባዶ ብርጭቆ ውስጥ የሻይ ማንኪያ እንደሚንቀጠቀጥ። በራችን ጋ ደርሶ ሲያጠፋው ደግሞ ሞተሩ አንድ ጊዜ እህ! ይላል፤ ጉሮሮውን እንደሚጠራርግ ሽማግሌ። ክላክስ የላትም፤ ከተበላሸ ዘመን አልፎታል። እኔ ኩሽና ዕቃ እያጠብኩ ቅጭሉን ስሰማ እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ እወጣለሁ፤ እህ! ሲል የብረት በሩን ወለል አድርጌዋለሁ። ያ ሰውዬ ወርዶ የገዛ ቤቱን በር ሲያንኳኳ አላየሁም።

«ይህን ጩኸት አሠራው እንጂ! አንተ በመጣህ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ማወቅ አለበት?» እለዋለሁ።

«የሞተሩ ድምፅ ነው። ሞተር ሲያረጅ እንዲህ ነው» ይላል። «ሞተሩ ካልተቀየረ አይጠፋም።»

አመንኩት። ስለ ሞተር እኔ ምን አውቄ?

እሱ ታሞ ሞተ። መኪናዋ ጎማዋ እስኪረግብ ግቢ ውስጥ ቆመች። ልጄ ልትነዳት ስትነሳ፣ ሥራ ቦታዋ አጠገብ ያለ ጋራዥ ወስዳ ሁለመናዋን አስፈተሸቻት። የዚያን ቀን ምሽት በራችን ተንኳኳ። ማነው ብዬ ብወጣ ልጄ ናት፤ ከኋላዋ መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ ትንፍሽ ሳትል ቆማለች። «ጸጥ አለች አይደል?» አለችኝ ኮራ ብላ። «አዎ፣ ጸጥ አለች» አልኳት። ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ። ሰው ሁለት ጊዜ ይሞታል እንዴ? አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ጋራዥ ሌላ ያመጣችው ነገር ቢኖር አንድ የዛገ፣ ሆዱ የተነፋ ብረት ነው። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ነው ብለው አስይዘዋታል። የዕቃ ቤቱ በር ጥግ ጣለችው። ስወጣ ስገባ የእግሬን አውራ ጣት ይመታኛል። እረግመዋለሁ፤ ነገ ይጣል እንላለን፤ አይጣልም።

እንግዲህ ሞተሩ ሲነክስ፣ ልጄ ስታለቅስ፣ እኔ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ሞተር የሚቀየር ከሆነ ያንን ድምፅ ያለውን ፈልጌ አስገባለሁ አልኩ። ለማንም አልተነፈስኩም። አሮጊቷ አበደች ከሚሉኝ ዝም ብዬ ባብድ ይሻለኛል።

መካኒካችንን ሰፈሩ ሬዲዮ ይለዋል፤ አፉ አይዘጋም። መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ እየታየ የአገሩን ወሬ ይጨርሰዋል። ባለቤቴ ከሱ ሌላ ማንንም ኮፈኗን አያስከፍትም ነበር።

«እትዬ፣ ይኼ ሞተር አብቅቶለታል» አለ አንገቱን ከውስጥ አውጥቶ። «ሌላ እናስገባ ካላችሁ ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ የናፍጣ ነው፤ ጉልበቱ ሌላ ነው፣ ግን ከብዶ የመኪናዋን አፍንጫ መሬት ያስነካዋል። ሌላው ከኋላ ከተገጨች መኪና የወረደ የቤንዚን ሞተር ነው። አዲስ በሉት። መቀመጫውን ትንሽ በይጄ አስተካክለዋለሁ፤ ድምፁ እንደሆነ እንቅልፍ ያስወስዳል። ሦስተኛው ደግሞ የራሷ ዓይነት፣ የድሮው ነው። ዝም ብሎ ይገጥማል፤ ግን ጠጪ ነው፣ ያጨሳል፣ በየቦታው እየቆመ ያስለምናል፣ ልክ እንደ…»

«እንደ አንተ» አልኩት።

«ከተገጨችው የወረደው ይሁን» አለች ልጄ ወዲያው።

«ጆሮዬ ሳይሰማው የሚገባ ሞተር የለም። መኪናዋ የእኔ ናት።»

«ሞተር በጆሮ ነው እንዴ የሚመረጠው እማዬ?»

«አንቺ ባል በዓይንሽ መረጥሽ፤ አየነው እኮ።»

ሬዲዮ እንኳ አንገቱን ኮፈኑ ውስጥ መለሰ። ልጄ ግን ሳቀች። ከፈታችው ወዲህ በዚያ ሰውዬ የሳቀችው ያን ዕለት ነው፤ ደግ ሠራሁ አልኩ።

ሦስታችን የሄድንበት የሞተር መሸጫ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ሞተሮቹ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወለሉ ዘይት የጠገበ አሸዋ ስለሆነ ጫማዬን እየያዘ አስቸገረኝ። ሻጩ ሆዱ ከሱሪው ያመለጠ ሰው ነው። ወንበር አመጣልኝ፤ አልተቀመጥኩም። የናፍጣውን ገና ሲያስነሳው «አጥፋልኝ፤ ወፍጮ ቤት አልመጣሁም» አልኩት።

ከተገጨችው የወረደውን ባትሪ አገናኘለትና ምስማር ላይ ከሰቀለው ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ቤንዚን እያጠጣ አስነሳው። አምባረቀ።

«እንቅልፍ የሚያስወስደው ይኼ ነው?» አልኩ ጆሮዬን ይዤ።

«መሬት ላይ ሁሉም ይጮኻል እትዬ፤ ገና አፉ አልታፈነም» አለኝ ሬዲዮ።

ጀርባዬን ሰጠሁት፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልሆነም። ባለቤቴን እንዲህ አጠገቡ ቆሜ ሰምቼው አላውቅማ፤ ሁልጊዜ ከግድግዳ ማዶ ነው። ወጣሁና የቆርቆሮውን በር ከውጪ ገጠምኩት። «በል አሁን አስነሳው!» ብዬ ጮኽኩ።

ሻጩ በሩን ገርበብ አድርጎ አንገቱን አሾለከ። «እማማ፣ የሚገዙት ሞተር ነው ዘፋኝ?»

«ዘፋኝ ብፈልግ አንተ ጋ ምን አመጣኝ? ግባ፣ ሥራህን ሥራ።»

አስነሳው። ጤነኛ ነው፤ ከጩኸቱ ሥር እኩል እኩል ይተነፍሳል። የማላውቀው ሰው ግን ነው። የድሮውን አስነሳው። ጭሱ በበሩ ስንጥቅ እየወጣ አሳለኝ፤ ሲያጠፋው ደግሞ ሞተሩም እህ! አለ።

ያው እህታ። ጉልበቴ ሳልነግረው ሊሄድ ተነሳ፤ በር ሊከፍት፤ የቱን በር? ቆርቆሮውን ያዝኩና ቆምኩ። ቅጭሉ የለም። ደጋግሜ አስነሳሁት፣ አስጠፋሁት፤ እህታው አለ፣ ቅጭሉ የለም።

«ይኼ ይሁን» አልኩ ገብቼ። «ቆይቶ ይጀምረው ይሆናል።»

«ምኑን ነው የሚጀምረው?» ልጄ ትዕግሥቷ አለቀ። «እማዬ፣ በዚህ ጭስ እኔ የሰው መጋረጃ ጭኜ ልሂድ? ዝናብ ሲመጣ የሆነ ዳገት ላይ ያስቀረኛል እኮ! የምትፈልጊውን ንገሪኝና ልወቀው!»

ከእንግዲህ ምን እደብቃለሁ። «ቅጭሉን ነው የምፈልገው» አልኳት። «አባትሽ ሲመጣ የሚለውን። ሞተሩ ነው ብሎኛል፤ ሞተሩን አምጡልኝ።»

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ሻጩ እንኳ ጨርቁን አንስቶ የጸዳ ሞተር መጥረግ ጀመረ። ሬዲዮ ግን መሬት መሬት ያያል። ሬዲዮ ዝም ሲል ሰው ሞቷል ማለት ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ሞተሩ አይደለም። ማርሚታው ነው።»

«ማርሚታ ደግሞ ማነው?»

«ከሥሯ ያለው፣ ጭሱንና ጩኸቱን የሚውጠው ሆዳም ብረት። ማሰሪያው ላልቶ ነው ቅጭል የሚለው። ድሮ ለጋሼ እኔ ራሴ አጥብቄ በይጄላቸው ነበር። በማግስቱ ጋራዤን ሳልከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ‹አላላው› አሉኝ። ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አልኳቸው። ‹ትናንት በሬ ላይ ተገትሬ ቀረሁ፤ አልሰማችኝም። ሳልጠራት ስትመጣልኝ የኖረችን ሴት ዛሬ አንኳኩቼ ልጥራት?› አሉኝ። አላላሁት። ከዚያ ወዲህ በጠበቀ ቁጥር እናላላው ነበር።»

«ሞተሩ ነው ያለኝስ?»

«‹የሁለት ብሎን ነገር መሆኑን ካወቀች ራሷ መፍቻ ይዛ መኪናዋ ሥር ትገባለች› አሉኝ። እንዳልናገር አስምለውኛል።»

አንተ ከንፈርህ የማይዘጋ ሰውዬ፣ ከዓለም ወሬ ሁሉ መርጠህ የደበቅኸው ይኼን ነው? ልለው ነበር። ግን ባለቤቴ የተገተረበት ያ ምሽት ትዝ አለኝ። የዕቃ ውኃ ልደፋ ብወጣ ባለቤቴ በሩ ላይ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ሞተሩ ይሠራል፣ እጁ መሪው ላይ ነው። «ምን ትሠራለህ እዚህ?» ስለው «እየጠበቅኩሽ» አለኝ። «እግር የለህም?» ብዬው በሩን ከፈትኩለት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ውሸታም! ነፍሱን ይማረውና፣ ሙልጭ ያለ ውሸታም።

«እማዬ» አለች ልጄ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «ማርሚታው አለ። እኔ ነኝ ያስቀየርኩት። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ያለው ብረት እኮ ነው።»

ያ አውራ ጣቴን የሚመታኝ! ያ የምረግመው!

«ጥሩ» አለ ሬዲዮ፣ አፉ ተመለሰለት። «ማርሚታውን እመልሰዋለሁ። ሞተሩን ደግሞ የድሮውን እናስገባ ካላችሁ እህታውም ቅጭሉም ተሟልቶ ልክ የጋሼን ድምፅ ታገኛላችሁ። በሌላኛው ግን እትዬ፣ አልዋሽዎትም፣ ቅጭሉ ብቻ ነው የሚኖረው።»

ሁሉም እኔን ያያሉ። የድሮው ሞተር ጎማው ላይ ተቀምጦ ገና ያጨሳል። እጄን ጣል አደረግኩበት፤ ይሞቃል፤ ከሥራ እንደመጣ ሰው ይሞቃል። እህታው እዚህ ውስጥ ነው። አንድ ቃል ብናገር ቤቴ ይመጣል።

ልጄን አየኋት። ዝናብ፣ ዳገት፣ ከኋላዋ የሰው መጋረጃ፣ እኔ ኩሽና ቆሜ ጆሮዬን ቀስሬ፣ እሷ ሳትመጣ። ባለቤቴ ያን ብሎን ያላላው ለምን ሆነና? መጣሁ ለማለት አይደል? ላይመጣ የሚችል ሞተር ምን ያደርግልኛል።

«ከተገጨችው የወረደውን አስገባ» አልኩት ሬዲዮን። «ማርሚታው የድሮው ይሁን። ብታጠብቀው ግን እጅህን እቆርጠዋለሁ።»

ሬዲዮ መኪናዋን ጨረስኩ ብሎ ልጄ ልታመጣት የሄደች ዕለት ከምሳ በኋላ ኩሽና ነበርኩ። ድስቱን እየፈተግኩ ቁልቁለቷ ላይ የሆነ ሞተር ሰማሁ። ቀጭን ነው፣ የማላውቀው ነው። ነገሬም አላልኩት። ከሥሩ ግን ቅጭል አለ። ቅጭል ቅጭል ቅጭል።

እግሬ እኔን አልጠየቀኝም። እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ወጣሁ፣ መቀርቀሪያውን ሳብኩ፣ በሩን ወለል አደረግኩና እህታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሞተሩ በጨዋ ደንብ ቀስ ብሎ ቆመ። ከመሪው ኋላ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ፀሐዩ መስታወቱ ላይ ስላረፈ ትከሻው ብቻ ይታየኛል። ፀሐዩ ፈቀቅ እስኪል ድረስ ትከሻው የማንም ሊሆን ይችል ነበር።

ልጄ ናት። አንገቷን በመስኮት አወጣች፤ ፊቷ ሁሉ ጥርስ። «ሰማሽኝ! ሳላንኳኳ ሰማሽኝ! ሬዲዮ ክላክሱንም ሠርቶልናል፣ ልንፋልሽ?»

«ንኪውና ታዪኛለሽ» አልኳት። «ወደ ኋላ ተመለሽ።»

«ምን?»

«ተመለሽ። ዞረሽ በቁልቁለቷ ነይ።»

«እማዬ፣ ቤንዚኑ እኮ…»

«ዞረሽ ነይ አልኩሽ!»

እያየችኝ ሞተሩን አስነስታ ወደ ኋላ ማርሽ አስገባች። እኔ በሩን ዘጋሁት፣ መቀርቀሪያውን መለስኩ፣ ኩሽና ገባሁ። ድስቱን ትቼ እጄን ውኃው ውስጥ ከተትኩና ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ ቆምኩ።