ሰሌዳው ያለበት ቦታ

ሚስ ኦዴሳ ፒክንስ የባቡሩ በር ሲከፈት ያየችውን ዓይኗ አልቀበል አላት። የባቡሩ ወለል ከላይ፣ መሳፈሪያው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ከታች። በዚህ ላይ በእሷ ተሽከርካሪ ወንበር ይዘለላል?

“ዴስመንድ! ይኼ ምንድን ነው?”

ዴስመንድ የጣቢያው ሠራተኛ ነው። ጠዋት ሪባን ሲቆረጥ መዳፉ እስኪቀላ ያጨበጨበ፣ አዲሱን ሊፍት በገዛ እጁ እንደሠራው የሚያሞግስ። “ሚስ ኦዴሳ፣ ከፍ የተደረገው ወለል እኮ ያውና!” አለና አሳያት።

እውነትም ከአራት እርምጃ ወዲያ፣ ለአንድ በር የሚበቃ ቦታ በአዲስ ሲሚንቶ ከፍ ብሏል። ፊት ለፊቱ ግን በር የለም፤ የባቡሩ ቆርቆሮ ነው የተገተረው። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ሄደ፣ ኦዴሳ አፏን ከፍታ ቀረች።

እህቷ ኧርሊን ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ባሕሩ ዳር ካለው የአረጋውያን ቤት ልጇ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውጥቶ ሩቅ፣ ጆርጂያ ግዛት ሊወስዳት ነው። በዚህ ዕድሜ ከሄደች ሄደች ነው፤ ምን ይደባበቃል። ወሬው የደረሰው ጠዋት ነው፤ የአካል ጉዳተኞች መኪና ደግሞ ከአንድ ቀን በፊት ካላዘዙት አይመጣም። በባቡር ካልሆነ አትደርስባትም፤ አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ስኳር ግራ እግሯን ሳይወስድባት፣ ኦዴሳ በዚሁ የብሩክሊን መስመር ሃያ ስምንት ዓመት የባቡር ረዳት ነበረች። ረዳት የሚቀመጠው ከባቡሩ መሀል ነው። ባቡሩ በቆመ ቁጥር በመስኮት ጣቱን አውጥቶ ከላይ ወደተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ሰሌዳ ይቀስራል። ሰሌዳው ከፊቱ ከሌለ ባቡሩ ቦታውን ስቷል ማለት ነውና በር አይከፍትም። ኦዴሳ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ባለክራንቹ ሚስተር ዊትከም በዚሁ ጣቢያ፣ “እባክሽ ለሹፌሩ ደውለሽ አራት እርምጃ ወደፊት አስኪጂልኝ፤ እዚያ ጋ ክፍተቱ ይጠባል” ብሎ በለመናት ቁጥር “ሰሌዳው እዚህ ነው!” ብላ በሩን ትዘጋበት ነበር።

አሁን ቀና ብላ አየች። ሊፍቱ ሲቆፈር ሰሌዳውን አንስተውት ኖሯል፤ ሥራው ሲያልቅ የድሮው ቦታ ላይ መልሰው ሰቅለውታል። አዲሱ ወለል ሌላ ቦታ፣ ሰሌዳው ሌላ ቦታ!

“ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆፍሩ፣ አንዲት ባቡር ስትቆም ቆሞ ያየ ሰው የለም? አንድ ሰው?”

“ነገ ለአለቆቼ አመለክታለሁ። ሰሌዳ የሚነካው በደብዳቤ ነው።”

“እህቴ ደብዳቤ አትጠብቅም! ጃኬትህን አውልቅና ሰሌዳው ላይ ጣልበት።”

“ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው?”

“አሮጊቷ አብዳ ነጠቀችኝ በል። እኔም አዎ አብጃለሁ ብዬ እመሰክርልሃለሁ። እግዜር ያን ሁሉ ቁመት የሰጠህ ለምን መሰለህ?”

ዴስመንድ ግራ ቀኙን አየና ጃኬቱን ወረወረ። ኦዴሳ ወንበሯን እየገፋች ሄዳ፣ ከሰሌዳው አራት እርምጃ ወዲያ ከአዲሱ ወለል አጠገብ ቆመች።

ባቡሩ መጣ፤ እዚያው የለመደው ቦታ ቆመ። ረዳቷ ልጅ እግር ናት። ጣቷን አወጣች፤ ሰሌዳ የለም። ጣቷ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

“እዚህ ነው!” አለች ኦዴሳ ሁለት እጇን ዘርግታ። “ሰሌዳሽ እኔ ነኝ! ለሹፌሩ ደውይለት፣ ወደፊት ይበል!”

“ማን ነዎት እርስዎ?”

“አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የተቀመጥኩ ነኛ! ሰሌዳ ሳታዪ በር ትከፍቻለሽ?”

ልጅቷ ደነገጠች፤ ደወሉን አንዴ ተጫነች። ባቡሩ ቀስ ብሎ ተንፏቀቀና ረዳቷ ከኦዴሳ ፊት ስትደርስ ቆመ። ጣቷን አሮጊቷ ደረት ላይ ቀሰረች፤ በሩ ተከፈተ። ወለልና ወለል ገጠመ።

ኦዴሳ ገባች። ጎማው ንቅንቅ እንኳ አላለም። ነገሩ ሁሉ ምራቅ እስኪውጡ ድረስ ነው የፈጀው።

“ይኸው ነው?” አለቻት ልጅቷ በመስኮቷ ብቅ ብላ። “ሌላ የሚፈልጉት የለም?”

ኦዴሳ በመስኮቱ ዴስመንድ ጃኬቱን ለማውረድ ሲዘል አየችው፤ ልትስቅ አሰበች፤ ሳቁ አልመጣ አላት። ዓይኗ ሚስተር ዊትከም ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ሄደ።

ለዘጠኝ ሃያ ጉዳይ ሲሆን ደረሰች። ኧርሊን ኮቷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣለች።

“መጣሽ! ምነው፣ ጋኔን ያየሽ ትመስያለሽሳ?”

“ሰው ጣቢያ ላይ ጥዬ ነው።”

“ማንን? አሁን?”

“ድሮ ነው። አንድ ደወል ነበር፣ ኧርሊን” አለች ኦዴሳ የእህቷን እጅ ጨብጣ። “አንድ ደወል ብቻ።”