ከዚህ በፊት የተሠራ ጓጉንቸር

የፈጠራ መርማሪው አቶ ደገፉ ጓጉንቸሩን ፈትቶ ጨርቅ ላይ ደረደረው። ቦሼ ዓይኗን ፊት ለፊቱ ከተቀመጠው ከአባቷ ከኤርካሎ እጆች አላነሳችም። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ናት። ይህ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አባቷ መሆኑን ግን ከአዲስ አበባ ለመጣው መርማሪ አልነገረችውም። ቢያውቅ ሌላ ሰው ያስጠራል።

«ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ቀለበቱን ወደ ውስጥ መግፋት ያስፈልጋል። አዲስ የሚሉት እሱን ነው?» አለ አቶ ደገፉ።

ቦሼ አባቷን በወላይትኛ ጠየቀችው። ኤርካሎ አዎ አለ።

ቀለበቱን መጀመሪያ ያሰበው ወንድሟ ቦልቴ ነበር። ኤርካሎ ያኔ «የልጆች መጫወቻ» ብሎ ወረወረበት። ቦልቴ በማግስቱ ከቤት ወጣ፤ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ወሬውም የለ። የጠፋ ሰው ለፈጠራ መብት ማመልከት አይችልም ስለተባለ፣ ኤርካሎ በራሱ ስም አመለከተ። አዲስ ነው ከተባለ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ቦልቴ ማንበብ ይችላል። ሥራዬን ሰረቀኝ ብሎ ለመጣላትም ቢሆን ይመጣል። ይምጣ ብቻ።

አቶ ደገፉ ከቦርሳው ሌላ ጓጉንቸር አወጣ። ዝጓል።

«ይሄ ዓምና አረካ፣ ከአንድ ነጋዴ ሱቅ በር ላይ የተፈታ ነው። አሠራሩ ያው ነው። እንዲያውም ይበልጣል፤ ሞላው ሁለት ነው። ማመልከቻው ውድቅ ነው። ንገሪው።»

ነገረችው። ኤርካሎ የሰማም አይመስል። የዛገውን አንስቶ ሥሩን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የምስማሮቹ ራስ ሁሉ ወደ አንድ ጎን አጋድሏል። ግራኝ የመታው ነው። ቦልቴ ግራኝ ነው። ሁለተኛውን ሞላ ግን ቤት ሳለ አልሠራውም፤ ከሄደ በኋላ ነው የጨመረው።

ኤርካሎ ሳቀ።

«ምን ያስቀዋል? ውድቅ ነው አላልሽውም?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ሠሪው የት ነው በይው» አለ ኤርካሎ። «ቶሎ በይ እንጂ፣ አፍሽ ምን ያዘው?»

«ሠሪው የት እንዳለ ይጠይቃሉ።»

«ሠሪው ሞቷል። ቢላቴ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው አለኝ ነጋዴው። ስሙን እንኳ አያውቀውም፤ ግራኙ ነበር የምንለው አለ።» አቶ ደገፉ መነጽሩን አወለቀ። «ቢሞትም ውሳኔው አይለወጥም። ይሄንንም ንገሪው።»

ቦሼ እዚህ ክፍል ውስጥ የሰው እስራት ተርጉማለች። ፍቺ ተርጉማለች። አንድም ቀን ቃል ጠፍቷት አያውቅም።

አባቷ ቀድሞ ተነስቷል። ቡልኮውን ወገቡ ላይ እያሰረ ነው።

«ምን አለሽ? ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው» አለች።

«ይሁን። እግር አለኝ።»

«ነገርሽው?» አለ አቶ ደገፉ እስክሪብቶውን እየከፈተ። «የዛገውንም ጓጉንቸር ይመልስ፣ የመዝገቡ ነው።»

ኤርካሎ በሩ ላይ ደርሷል። ከአማርኛው የለየው የቦታ ስሞቹን ብቻ ነው። ጓጉንቸሩን ደረቱ ላይ ይዞ፣ አንዴ ወደ አረካ መንገድ፣ አንዴ ወደ ቢላቴ ቁልቁለት ያያል። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«በየት በኩል ነው፣ ልጄ?»